ከአስፋልቱ ሥር ያለው ጠጠር፦ የመንገድ መሠረት ጉልበቱን ከየት ያገኛል?

አንድ መንገድ ተመርቆ ዓመት ሳይሞላው ሲሰነጣጠቅ ሰው ቀድሞ የሚያነሳው የአስፋልቱን ውፍረት ነው። «አሳሱት»፣ «ሬንጁን ቆጠቡበት» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን አስፋልቱ የሚሰበረው ሥሩ ሲከዳው ነው። ሥሩን የሚያነሱም አሉ፤ እነሱ ደግሞ «ሲሚንቶ ቢገባበት ኖሮ» ይላሉ። በዚህ ላይ ማንኛውንም አፈር ወደ ድንጋይ እንለውጣለን የሚሉ ፈሳሾች ማስታወቂያ በየጊዜው ይወጣል።

እነዚህ ወሬዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ ዘለው ያልፋሉ። ከአስፋልቱ ሥር ያለው ጠጠርና አሸዋ ጉልበቱን ከየት ያገኛል? ይህ ከታወቀ ሲሚንቶ የት እንደሚጠቅም፣ የት ራሱ ችግር እንደሚሆን መለየት ይቀላል።

ከጎማው እስከ አፈሩ

መንገድ ንብርብር ነው። ከሁሉም በታች ያለው ሰብግሬድ ይባላል፤ ቦታው ላይ የነበረው ወይም ተሞልቶ የተደለደለው አፈር ነው። በላዩ ሰብቤዝ ይነጠፋል። ከዚያ ቤዝ ኮርስ ይከተላል። አስፋልቱ የመጨረሻው ሽፋን ነው። ሰብቤዝና ቤዝ ኮርስ በአብዛኛው የሚሠሩት ከጠጠር፣ ከአሸዋና ከተፈጨ ድንጋይ ነው። እዚህ ጠጠራማ አፈር የምንለው ይህን ነው። ቅንጣቶቹ በዓይን ይለያሉ። ሲደርቅ በጣት መሀል ይፈስሳል። እንደ ጭቃ አፈር አይለነቅጥም።

የከባድ መኪና ጎማ መንገዱን የሚጫነው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 7 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ግፊት ነው። ለስላሳ ሰብግሬድ ይህን አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ንብርብር ጫናውን ሰፋ ወዳለ ቦታ እየበተነ፣ ግፊቱን እየቀነሰ ወደ ታች ያደርሳል። ቤዝ ኮርስ ለጎማው ቅርብ ነውና ከባዱን ድርሻ ይሸከማል። እሱ ከተንሸራተተ በላዩ ያለው አስፋልት ይታጠፋል። ደጋግሞ የታጠፈ አስፋልት ደግሞ ይሰነጠቃል።

እዚህ ላይ የመኪናው ክብደት ከምንገምተው በላይ ይቆጠራል። ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ትልቅ የመንገድ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። መኪኖች ለሙከራ በተሠሩ መንገዶች ላይ ለሁለት ዓመት ያህል ተመላለሱ፤ ጉዳቱም ተመዘገበ። በአንድ አክስል፣ ማለትም ጎማዎቹን በያዘው ዘንግ ላይ ያለው ጭነት ሲጨምር ጉዳቱ በግምት በአራተኛ ርቢ እንደሚያድግ ታየ። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ጭነቱ በ20 በመቶ ብቻ ቢያልፍ እንኳ ጉዳቱ እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ስለ መሠረት ድክመት ስናወራ በላዩ ምን እንዳለፈም መጠየቅ አለብን።

አሸዋ ለምን ይቆማል፣ ለምንስ ይከዳል?

ደረቅ አሸዋ መሬት ላይ ይፈስስ። ክምር ይሠራል። እግር ሲያርፍበት ይሰምጣል፤ አሸዋው ወደ ጎን ይሸሻል። ያው አሸዋ ከረጢት ውስጥ ተጠቅጥቆ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር። አሁን ሰው ቢቆምበትም ይችላል። ቅንጣቶቹ አልተለወጡም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ጎን መሸሻ አጥተዋል።

የጠጠራማ አፈር ምሥጢር ይኸው ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚጣበቁበት ነገር የላቸውም። የሚይዛቸው ሰበቃ ነው። ሰበቃው ደግሞ የሚበረታው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ በተጫኑ መጠን ነው። ዙሪያቸውን ከታቀፉ ይጠነክራሉ። ካልታቀፉ ይፈስሳሉ።

ሁለተኛው ነገር ቅርጽ ነው። ከወንዝ የመጣ ድቡልቡል ጠጠር ይንከባለላል። በማሽን የተሰበረ ድንጋይ ጠርዝ ስላለው ይቆላለፋል። ሦስተኛው ውሃ ነው። ጥቂት እርጥበት ቅንጣቶቹን ወደ አንድ ይስባቸዋል፤ ልጆች በእርጥብ አሸዋ ቤት የሚሠሩት ለዚህ ነው። አሸዋው ፈጽሞ ሲደርቅ ወይም በውሃ ሲሞላ ግን ያ ቤት ይፈርሳል።

ስታቢላይዜሽን የሚለው የውሰት ቃል ታዲያ ትርጉሙ ማጽናት ነው። ቅንጣቶቹ እንዳይሸሹ፣ እንዲቆላለፉ፣ ውሃ ሲመጣም እንዳይፈቱ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ ሲሚንቶ ብቻ ይመጣበታል። ሲሚንቶ ግን ከብዙዎቹ መንገዶች አንዱ ነው፤ በተራም የመጀመሪያው መሆን የለበትም።

መጀመሪያ ድብልቁ

ርካሹና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማጽኛ የቅንጣት መጠን ስብጥር ነው። ትልልቅ ጠጠሮች ብቻቸውን ቢደረደሩ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይቀራል። ያንን ቦታ አነስ ያለ ጠጠር ቢሞላው፣ የእሱን ክፍተት አሸዋ፣ የአሸዋውን ደግሞ ደቃቅ ብናኝ ቢሞላው ሁሉም እርስ በርስ ይተቃቀፋል። ፉለርና ቶምፕሰን የተባሉ መሐንዲሶች በ1907 ለኮንክሪት ብለው ያወጡት ስሌት ዛሬም ለመንገድ ሥራ መነሻ ይሆናል። ትልቁ ድንጋይ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ግማሹ ክብደት በ10 ሚሊ ሜትር ወንፊት ማለፍ አለበት። ሩቡ ደግሞ በ2.5 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ከ0.075 ሚሊ ሜትር ያነሰው ደቃቅ ብናኝ ወደ 4 በመቶ ብቻ ይሆናል።

ደቃቁ ከበዛ ነገሩ ይገለበጣል። ጠጠሮቹ እርስ በርስ መነካካታቸውን ትተው ጭቃ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። እንዲህ ያለው ቤዝ በበጋ ድንጋይ ይመስላል። ዝናብ ሲገባው ይላሽቃል።

እዚህ ላይ ትልቅ ስህተት የሚፈጠርበት ቦታ አለ። አስፋልት የሌለው የጠጠር መንገድ ጥቂት የሚያጣብቅ ሸክላ አፈር ይፈልጋል፤ አለበለዚያ በበጋ ጠጠሩ ይበተናል፣ አቧራውም ይነሳል። ከአስፋልት ሥር የሚገባ ቤዝ ግን ያንን ሸክላ አይፈልገውም። ስለዚህ «ይህ የጠጠር መንገድ ለዓመታት ጸንቷል፣ አስፋልት እናልብሰው» ሲባል ያው ጠጠር እንዳለ ለቤዝ ይሆናል ማለት አይደለም። መመርመር፣ ምናልባትም ከንጹሕ የተፈጨ ድንጋይ ጋር መደባለቅ አለበት።

ከድብልቁ በኋላ ጥቅጠቃ ይመጣል። በ1933 ራልፍ ፕሮክተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ጥቅጠቃና ውሃ እንዴት እንደሚገናኙ በሙከራ አሳየ። አፈሩ በጣም ሲደርቅ ቅንጣቶቹ ተፋትገው አንንቀሳቀስም ይላሉ። ውሃው ሲበዛ ቦታውን ውሃ ይይዝባቸዋል። በመሀል አንድ ተመራጭ እርጥበት አለ፤ እዚያ ላይ ያው ሮለር በያው ጉልበት አፈሩን ከፍተኛው እፍግታ ላይ ያደርሰዋል። እፍግታ ማለት በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የታጨቀው የአፈር ክብደት ነው። ለቤዝ ኮርስ በአብዛኛው የሚጠየቀው በላቦራቶሪ ከተገኘው ከፍተኛ እፍግታ 98 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ነው።

ጥንካሬውን ለመለካት ከቆዩት መመዘኛዎች አንዱ ሲቢአር ነው፤ የካሊፎርኒያ የመሸከም ንጽጽር ማለት ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ እዚያ ግዛት ተጀመረ። 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ብረት ወደ ተጠቀጠቀው አፈር ይገፋል። የጠየቀው ጉልበት ለመመዘኛ ከተያዘ የተፈጨ ድንጋይ ጋር በመቶኛ ይነጻጸራል። ለቤዝ ብዙውን ጊዜ 80፣ ለሰብቤዝ 30 ይጠየቃል። ናሙናው ከመፈተኑ በፊት አራት ቀን ውሃ ውስጥ ይቆያል። ይህ አራት ቀን ቁምነገር አለው። ደረቅ አፈር ሁሉ ጎበዝ ይመስላልና።

ሲሚንቶ ሲገባ ምን ይፈጠራል?

ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ሲጠነክር ቅንጣቶቹ በሚነካኩበት ነጥብ ላይ ድልድይ ይሠራል። አሸዋው ያልነበረውን መያያዝ ያገኛል። ውሃ ቢገባም አይፈታም። በ1935 በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና፣ ጆንሰንቪል አጠገብ በቁጥጥር የተሠራ የአፈርና ሲሚንቶ መንገድ ለዘዴው መስፋፋት መነሻ ሆኗል።

ምን ያህል ሲሚንቶ የሚለው ግን ከስብጥሩ ጋር የተያያዘ ነው። ሰፊ ልምድ እንደሚያሳየው ጥሩ ስብጥር ላለው ጠጠር ከክብደቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሲሚንቶ ለመነሻ ይበቃል። ሁሉም ቅንጣት እኩል መጠን ላለው ደቃቅ አሸዋ ግን ከ7 እስከ 11 በመቶ ሊጠይቅ ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኩል ቅንጣቶች የሚነካኩበት ነጥብ ትንሽ ነው፣ ክፍተቱ ብዙ ነው።

በቁጥር እንየው። 7 ሜትር ስፋት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቤዝ በአንድ ኪሎ ሜትር 1,400 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሜትር ኩብ 2.1 ቶን ቢመዝን ወደ 2,940 ቶን ነው። የዚህ አንድ በመቶ ሲሚንቶ 29 ቶን ገደማ ይደርሳል፤ በባለ 50 ኪሎ ከረጢት 590 ያህል ማለት ነው። ከሌላ ቦታ ጠጠር አምጥቶ አሸዋውን መደባለቅ ሲሚንቶውን ከ8 ወደ 4 በመቶ ካወረደው፣ በየኪሎ ሜትሩ ከ2,300 በላይ ከረጢት ተረፈ። የዓለም የሲሚንቶ ምርት ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህሉን ድርሻ እንደሚይዝ ሲታሰብ ቁጠባው የገንዘብ ብቻ አይሆንም።

«ታዲያ ለጥንቃቄ ትንሽ ብንጨምርበትስ?» የሚለው ሐሳብ ተገቢ ይመስላል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በሲሚንቶ የጸና ንብርብር ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶው በበዛ ቁጥር ግትር ይሆናል፤ ሲሰነጠቅም ስንጥቁ ሰፊ ይሆናል። ያ ስንጥቅ ቀስ በቀስ በአስፋልቱ ላይ ይወጣል። ውሃ በእሱ ይገባል። በየጎማው ምት ደቃቁን ጭቃ እየተፋ ከሥር ባዶ ቦታ ይፈጥራል። በጥንካሬ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ቤዝ መንገድ ላይ ሲወድቅ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ብዙ የዲዛይን መመሪያዎች ለጥንካሬው ወለል ብቻ ሳይሆን ጣሪያም ያስቀምጣሉ። ቀላል ለሚባለው የሲሚንቶ ንብርብር ከ0.75 እስከ 1.5 ሜጋፓስካል፣ ቀጥሎ ላለው ከ1.5 እስከ 3 ሜጋፓስካል የተለመዱ ናቸው። አንድ ሜጋፓስካል በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ስንጥቁን ጨርሶ ማጥፋት ባይቻልም መግራት ይቻላል። ንብርብሩ ከተነጠፈ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ በንዝረት ሮለር መለስ ብሎ ማለፍ አንዱ ዘዴ ነው። ያኔ በአንድ ሰፊ ስንጥቅ ፋንታ ብዙ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ሌላው ዘዴ በሲሚንቶው ንብርብርና በአስፋልቱ መሀል ያልታሰረ የተፈጨ ድንጋይ ማስገባት ነው። ደቡብ አፍሪካ በዚህ አሠራር ረጅም ልምድ አላት።

ሜዳ ላይ ያለው ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። ሲሚንቶ ውሃ ከነካው ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ ቅልቅሉና ጥቅጠቃው በሁለት ሰዓት ገደማ ማለቅ አለበት። ካለፈ በኋላ ለመጠቅጠቅ የሚሄደው ሮለር ገና መሠራት የጀመረውን ድልድይ ይሰብራል። ቀጥሎ ለ7 ቀን ያህል እርጥበቱ እንዳይለቅ መጠበቅ አለበት። ከረጢት በእጅ እየቀደዱ በትነው፣ በግሬደር እያገላበጡ ሲደባለቅ ደግሞ በወረቀት 4 በመቶ የተባለው አንድ ቦታ 2፣ ሌላ ቦታ 7 ሊሆን ይችላል። አማካዩ ትክክል ነው፤ መንገዱ ግን በደካማው ቦታ ይሰበራል።

ኖራ፣ ሬንጅና መረብ

ኖራ የሚሠራው ከሸክላ አፈር ጋር ነው። ንጹሕ ጠጠርና አሸዋ ላይ የሚያገኘው አጋር የለም። ጠጠሩ ሸክላ ካለበት ግን ያንን ሸክላ መለንቀጡን ያሳጣዋል፤ ከሲሚንቶ በፊት ጥቂት ኖራ የሚገባበትም ጊዜ አለ። ሰልፌት የሚባለው ጨው ያለበት ሸክላማ አፈር ላይ ኖራም ሆነ ሲሚንቶ ሲጨመር አፈሩ ሊያብጥ ይችላል። ይህ አስቀድሞ መመርመር አለበት።

ሬንጅ ሌላ ባሕርይ አለው። ያያይዛል፣ ግን እንደ ሲሚንቶ ግትር አያደርግም። በ1956 ላዲስ ቻኒ የተባሉ በአሜሪካ የአይዋ ግዛት ፕሮፌሰር የሬንጅ አረፋን ሐሳብ አመጡ። በዛሬው አሠራር ከ160 እስከ 180 ዲግሪ የሞቀ ሬንጅ ላይ ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ይረጫል። ሬንጁ ብዙ እጥፍ ይኩረፈረፋል። በዚያች ቅጽበት ከእርጥብ ጠጠር ጋር ሲደባለቅ ደቃቁን ብናኝ እየያዘ በትናንሽ ነጥቦች ያጣብቃል። ከ2 እስከ 3 በመቶ ሬንጅና ወደ 1 በመቶ ሲሚንቶ የተለመደ ነው። ያረጀ መንገድን ፈጭቶ መልሶ ለመጠቀም ይህ ዘዴ ጥሩ አማራጭ ነው። ድብልቁ ውስጥ በቂ ደቃቅ ብናኝ ከሌለ ግን አረፋው የሚይዘው ያጣል።

ከዚያ መረቦቹ አሉ። ጂኦግሪድ ጠንካራ ፕላስቲክ መረብ ነው፤ ጠጠሩ በቀዳዳው ገብቶ ይቆለፋል፣ ወደ ጎን መሸሽ አይችልም። ጂኦሴል ደግሞ የንብ እንጀራ የመሰለ፣ ሲዘረጋ ክፍሎች የሚሠራ ነው። በ1970ዎቹ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ከባድ መኪኖችን በአሸዋ ላይ ለማሳለፍ ሲፈልጉ ያዳበሩት ሐሳብ ነው። የአሸዋው ከረጢት ምሳሌ በሰፊው የተዘረጋ ማለት ነው። ደቃቅ አሸዋ ግን ከጂኦግሪድ ቀዳዳ ጋር አይቆላለፍም። ለእሱ ክፍል ያለው ጂኦሴል ይሻለዋል።

በፈሳሽ የሚሸጡ ማጠንከሪያዎች

ኢንዛይም፣ ፖሊመርና መሰል ምርቶች ላይ ክርክሩ የጋለ ነው። ሻጮቹ ትንሽ መጠን ብዙ አፈር ያጸናል ይላሉ። ሁሉንም በአንድ ቃል ማጣጣል ትክክል አይሆንም። አንዳንድ ፖሊመሮች አሸዋን በእርግጥ ያጣብቃሉ፣ አቧራም ይቀንሳሉ። ነገር ግን ኢንዛይሞቹ የሚሠሩት ከሸክላ ጋር ነው ተብለው የሚሸጡ ናቸው። ሸክላ በሌለው ጠጠርና አሸዋ ላይ ምን እንደሚይዙ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ናሙናው አራት ቀን ውሃ ውስጥ ቆይቶ ምን ያህል ጉልበት ተረፈው? ፈሳሹ ያልገባበት፣ ግን እኩል የተጠቀጠቀ ናሙናስ ምን አሳየ? ብዙ ጊዜ የታየው ለውጥ ከራሱ ከጥቅጠቃው የመጣ ሊሆን ይችላል።

ውሃው ካልወጣ

ውሃ አይጨመቅም። የጠጠሩ ክፍተት በውሃ ሲሞላና ጎማ ሲያልፍበት ግፊቱን ቅንጣቶቹ ሳይሆኑ ውሃው ይቀበለዋል። ቅንጣቶቹ የሚጫኑበት ኃይል ይቀንሳል። ሰበቃውም አብሮ ይወርዳል። ከረጢቱ የተፈታ ያህል ነው።

ለዚህ ነው የአስፋልቱ መሰንጠቅ ብዙ ጊዜ ከዳር በኩል፣ በውጭው የጎማ መስመር የሚጀምረው። ከአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ አንድ ሜትር ገደማ ያለው ቦታ በዝናብ ይርሳል፣ በበጋ ይደርቃል። የመንገዱን ትከሻ፣ ማለትም መኪና ከሚሄድበት ውጭ ያለውን ዳር በአስፋልት መሸፈን ይህን ዞን ከጎማው ያርቀዋል። የመንገዱ የጎን ተዳፋት ከ2 እስከ 3 በመቶ መሆኑ፣ ቦዩ ከቤዙ በታች ዝቅ ብሎ መቆፈሩና በደለል አለመደፈኑ ከብዙ ሲሚንቶ ይበልጣል። ይህን የምለው ሲሚንቶን ለማሳነስ አይደለም። የተዘጋ ቦይ በሲሚንቶ የጸናውንም ቤዝ ስለሚያፈርስ ነው።

ሁለቱ ወገኖች

ለሲሚንቶ የሚከራከሩ ጠንካራ ምክንያት አላቸው። ጥሩ ድንጋይ ሩቅ ከሆነ፣ በሺህ የሚቆጠር ቶን ከማጓጓዝ በቅርብ ያለውን ደካማ ጠጠር በጥቂት ሲሚንቶ ማጽናት ይረክሳል። ማጓጓዣዎቹ የሚያበላሹት ሌላ መንገድም ይተርፋል። ከባድ ጭነት በሚበዛበት፣ ውሃ በሚያሰጋበት ቦታ የሲሚንቶ ንብርብር ዋስትና ይሆናል።

ያልታሰረ የተፈጨ ድንጋይን የሚመርጡ ደግሞ እንዲህ ይላሉ። ይህ ንብርብር አይሰነጠቅም። ሲበላሽ ቀስ ብሎ ነው፤ ቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ጥገናውም ቀላል ነው። የሲሚንቶው ንብርብር ግን በድካም ሲሰባበር በመጨረሻ ወደ ተራ ጠጠርነት ይመለሳል።

በእኔ እይታ ሁለቱም ልክ የሚሆኑት ቅደም ተከተሉ ሲጠበቅ ነው። ስብጥሩ ተስተካክሎ፣ ጥቅጠቃው ተለክቶ፣ ውሃው መውጫ አግኝቶ አሁንም የሚጎድል ጉልበት ካለ ያኔ ማያያዣ ይጨመር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሳይሠሩ የሚገባ ሲሚንቶ የሌላውን ጉድለት ሲሸፍን ይደክማል።

ስንጥቁን ማንበብ

መንገድ ሲበላሽ መልኩ ብዙ ይናገራል። በየተወሰነ ርቀት መንገዱን አቋርጠው የሚያልፉ ቀጥ ያሉ ስንጥቆች በሲሚንቶ የጸና ቤዝ መኮማተሩን ይጠቁማሉ። በጎማ መስመር ላይ የአዞ ቆዳ የመሰለ ስንጥቅ ከታየ አስፋልቱ ደጋግሞ ታጥፏል፤ ሥሩ ደክሟል ወይም አስፋልቱ ለጭነቱ ሳስቷል። ጎማው የሰረጎደው ቦይ ጠባብ ከሆነ ችግሩ ወደ ላይኛው ንብርብር ያመዝናል። ሰፊና ዝርግ ከሆነ ከታች፣ ከሰብግሬዱ ሊሆን ይችላል። በስንጥቁ ዳር የደረቀ የጭቃ ምልክት ካለ ውሃ ከሥር ደቃቁን እየተፋ ነው።

ግምቱን ለማረጋገጥ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። 8 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ575 ሚሊ ሜትር ከፍታ እየወደቀ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ብረት ወደ መሠረቱ ይነዳል። ሁለት ሦስት ሰው ይሠራዋል። በየምቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደገባ ይጻፋል። በምት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ሲቢአሩ ከ80 በላይ ነው ማለት ይቻላል። 20 ሚሊ ሜትር ከገባ ወደ 12 ወርዷል። ብረቱ በድንገት ፈጥኖ የገባበት ጥልቀት ላይ መቆፈር፣ ከዚያ ናሙና ወስዶ በወንፊት ማለፍና እርጥበቱን መለካት ይቀጥላል። የአስፋልቱ ውፍረትም በዚያው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ በማስመሪያ ይለካል።